አሥረኛው ጫፍ

ከላይ ለሚያየን ሰው ኮከብ ነን ይላሉ፣
አሥር ጫፎቻችን ወደ ሜዳው፣ ወደ ወንዙ የሾሉ፤
ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ
ይህን የሚያውቁት ራዛዎች ብቻ ነበሩ፣
ደወል ቤቱ አናት ላይ ጎጆ የሠሩ።
እኛ የምናውቀው ከሥር ነው፦
ክረምት ሲገባ ግንቡን እንደሚያጠምቀው ላብ፣
ነፋስ ጥጉን ሲዞር ቀሚስ እንደሚገልብ፣
ኮከብ ውስጥ ለሚኖር
ጥግ እንደሚበዛበት፣ ቀጥ ያለ መንገድ እንደሚቸግር።

ወንዛችን ሚኞ ነው፤ ስፋቱ አንድ ጩኸት ያህላል፤
ከዚህ የጠሩት ውሻ ከማዶ ጅራቱን ይቆላል።
ማዶም ምሽግ አለ። እኛ ፖርቱጋሎች፣ እነሱ ስፓኞች ናቸው፤
የኛን ፈርተው ሠሩት? ወይስ እኛ ፈርተናቸው?
በዚህ ጉዳይ መጠጥ ቤት ውስጥ ሰው ተፈነካክቷል።
መድፋችን ደወላቸው ላይ ያነጣጥራል፣
መድፋቸው ዳቦ ቤታችን ላይ፤
ተፋጠው አረጁ፣ እንደ ሁለት ባልቴት፣
እርሾ ተበዳድረው እንደተኳረፉ ጎረቤት።

መሐንዲሱ ፈረንሳዊ ነበር፣ ሙሴ ላፎስ፤
በቅሎ ላይ ሆኖ የሚለካ፣ በነጭ ጓንት የሚዳስስ።
«ረጅም ግንብ ማለት ለመድፍ ቁርስ፤
ይጠር፣ ይወፍር!» ሲል ዘጠኝ ጫፍ አስገነባ።
በዘጠነኛው ዓመት ወባ
ወሰደው፤ ጓንቱ ቀረ።
አሥረኛውን ባልታሳር የሚባል ግንበኛ ጀመረ፣
ማንበብ የማይችል፣ በዐይኑ የሚለካ፣
ያቀና መስሎት አጣመመው ለካ።
ከየትኛውም የዘብ ማማ
አይታይም ሥሩ፤
ጄኔራሎች ካርታ ዘርግተው ሳያዩት አደሩ።
ሴቶች ግን አወቁት።

እንቁላል፣ ሳሙና፣ የደረቀ ዓሣ ቀሚስ ሥር ታጥቀው፣
ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት በጣት ቆጥረው ጠብቀው፣
በጠማማው ጥግ ወረዱ፣ በጠማማው ወጡ፤
የእናቴ የመጀመሪያ ጫማዎች በዚያ በኩል መጡ።

አያቴ ፊርሚኖ የምሽጉ በረኛ፤
ሳይቆልፍ አይበላም፣ ሳይቆልፍ አይተኛ።
ማዶ ወንድም ወንድሙን ባደነበት ዓመት፣
የመስከረም ጭጋግ ወንዙን በሸፈነበት ሌሊት፣
ውሃ ሲንቦጫረቅ ሰማ። ዓሣ አልነበረም፤
ዓሣ አያስልም።
ቁልፉን ሚስማሩ ላይ ሰቀለ፣
«ጆሮዬ ደንቁሯል» አለ፣
ለማንም አይደለም፤ ለጨለማው።
ከዚያ ወዲያ በየሌሊቱ
ደረቅ ጆንያ ይተው ነበር ከጠማማው ጥግ ሥር።
ለሚስቱም አልተነፈሰ፤
ጠዋት ጠዋት ጆንያው ይገኛል፣ ተጣጥፎ፣ እንደራሰ።

ዛሬ ድልድይ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ማዶኞች በመኪና
ይጎርፋሉ፣ ፎጣ ፍለጋ።
እኔም በድሮው ባሩድ ቤት ፎጣ እሸጣለሁ፤
ቀለሙ እንዲታይ መድፉ ላይ አሰጣለሁ።
አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ምርኩዟን ይዛ መጣች፣
«ጠማማው ጥግ የቱ ጋ ነው?» ብላ ጠየቀች።
ወሰድኳት። ድንጋዩን በመዳፏ ዳበሰች።
«አራት ዓመቴ ነበር፤ እናቴ እየተንቀጠቀጠች
እዚህ ጋ፣ በጆንያ አደረቀችኝ» አለች።
«ድንች ድንች ይል ነበር ጆንያው።
እስካሁን ድንች ስልጥ
ያ ሌሊት ይሸተኛል።»

ተመልሰን ሰማያዊ ፎጣ መረጠች፤
ዋጋ ቀንሺ ብላ ተከራከረች።
ስለ አያቴም፣ ስለ ድንቹም፣ ምንም አላልኳት፤
አንዲት ሳንቲም ሳልቀንስ ጠቅልዬ ሰጠኋት።
ኋላ ቆጨኝ። ሮጬ ወጣሁ ከአሥረኛው ጫፍ ላይ፤
ከዚያ ግን ግማሹ ብቻ ነው ድልድዩ የሚታይ፤
ሰማያዊው ጥቅል በብብቷ፣
ምርኩዟ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት፣
ግማሹ ላይ ስትደርስ
ግንቡ ጋረዳት።